ትርፍ ውሃ የማን ነው? ሕንድ ወንዞቿን ለማገናኘት የያዘችው ዕቅድ

ሕንድ ከዓለም ሕዝብ ወደ 18 በመቶ የሚጠጋው የሚኖርባት አገር ብትሆንም ከዓለም ንጹሕ ውሃ የሚደርሳት ድርሻ 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት ውሃ ቢሆን በወራትም ሆነ በቦታ እኩል የተከፋፈለ አይደለም። ሞንሱን የሚባለው፣ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው የክረምት ነፋስ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ከዓመቱ ዝናብ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ያወርድና ለቀሩት ስምንት ወራት ሰማዩን ደረቅ አድርጎ ይተወዋል። በሰሜን ምሥራቅ በሜጋላያ ኮረብቶች ላይ ያለችው ማውሲንራም በዓመት ከ11,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ በምዕራቡ የታር በረሃ የምትገኘው ጃይሳልመር 200 ሚሊ ሜትር የምትሞላው በጭንቅ ነው። የብራህማፑትራ ወንዝ በየክረምቱ ከአልጋው ወጥቶ የአሳምን መንደሮች በሚያጥለቀልቅበት አገር፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት የምትገኘው የላቱር ከተማ በ2016 ውሃዋ ተሟጦ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከሚራጅ በባቡር ውሃ ይጫንላት ነበር፤ በሚያዝያ ወር የደረሰው የመጀመሪያው ባቡር በ10 ፉርጎዎች የያዘው 500,000 ሊትር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎርፍና ጥም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ዓመት፣ ጎን ለጎን ሲታዩ የበዛውን ወስዶ ለጎደለው መስጠት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ለማንም ሰው ፈጥኖ የሚመጣ ነው። ሕንድም ይህን ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ስታወጣና ስታወርድ ቆይታ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ከታሰቡት የውሃ ሥራዎች ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን ዕቅድ ይዛ፣ ከ30 ማገናኛዎች የመጀመሪያውን ለመሥራት ተነሥታለች። የሐሳቡ ቅንነት አከራካሪ አይደለም። አከራካሪው አንድ ወንዝ ለሌላው የሚለግሰው ትርፍ አለው የሚባለው በምን ስሌት፣ በየትኛው ወርና በማን ውሳኔ ነው የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ የዕቅዱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ለሚከታተል ሰው ክርክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲወድቅ ይታየዋል።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ተፋሰስ የሚባለውን መለየት ያስፈልጋል። ተፋሰስ ማለት በላዩ የወረደው ዝናብ ሁሉ በጅረትና በገባር ወንዝ ተሰብስቦ በመጨረሻ ወደ አንድ ዋና ወንዝ የሚገባበት የመሬት ክልል ነው፤ ሁለት ተፋሰሶችን የሚለያቸው ደግሞ ውሃውን ወዲህና ወዲያ የሚከፍለው የተራራ ወይም የኮረብታ ሰንሰለት ነው። ውሃ በራሱ ኃይል ይህን ድንበር አይሻገርም። ስለዚህ ወንዝን ከወንዝ ማገናኘት ማለት በአንዱ ላይ ግድብ ሠርቶ ውሃውን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ከፋዩን ኮረብታ በዋሻ መብሳት ወይም በፓምፕ መሻገር፣ ቀጥሎም በቦይ እየመሩ ወደ ሌላው ማድረስ ማለት ነው፤ በየደረጃው ደግሞ ውሃው ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፣ ከፊሉም በቦዩ ግድግዳ ወደ መሬት ይሰርጋል።

በሕንድ ይህን በስፋት ካሰቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ19ኛው መቶ ዘመን በጎዳቫሪ ወንዝ ላይ ታላቅ የመስኖ ግድብ የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሰር አርተር ኮተን ነበር፤ እርሱ ወንዞቹ እንዲገናኙ የፈለገው በዋናነት ለጀልባ ጉዞና ለንግድ ሲሆን የባቡር ሐዲድ መስፋፋት ሐሳቡን ከገበያ አስወጣው። ከዕቅድ አልፎ በሥራ የታየው ጥንታዊ ምሳሌ ግን በደቡብ የሚገኘው የሙላፔሪያር ግድብ ነው። በመሐንዲሱ ጆን ፔኒኩዊክ መሪነት ተሠርቶ በ1895 ያለቀው ይህ ግድብ ወደ ምዕራብ ወደ ዓረቢያ ባሕር ይፈስ የነበረውን የፔሪያር ወንዝ ውሃ ከፊሉን በዋሻ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ተራሮች ዝናቡን ወደሚከልሉበት ወደ ቫይጋይ ወንዝና ወደ ማዱራይ አካባቢ ያደርሰዋል። በቴኒ አካባቢ ያሉ የታሚል ገበሬዎች ፔኒኩዊክን እስከ ዛሬ እንደ ባለውለታ ያስቡታል፤ የልደቱንም ቀን ያከብራሉ። ግድቡ የሚገኝበት የኬረላ ክፍለ ግዛት በበኩሉ በኖራና በድንጋይ የተሠራው የመቶ ዘመን ግንብ ከታች ባሉት ነዋሪዎች ላይ ይደረመሳል እያለ ለብዙ ዓመታት ውሃውን ከሚቀበለው ከታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ጋር በፍርድ ቤት ተሟግቷል። ተቀባዩ የሚያመሰግነው፣ ሰጪው የሚከስሰው ያው አንድ ግድብ ነው።

ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ሐሳቡን በብሔራዊ ደረጃ ያነሡት የመስኖ ሚኒስትር የነበሩት መሐንዲስ ኬ. ኤል. ራኦ ናቸው። በ1972 ያቀረቡት ዕቅድ በፓትና ከተማ አጠገብ ከጋንጅስ ወንዝ በዓመት ለ150 ቀናት ያህል በሰከንድ ወደ 1,700 ሜትር ኩብ የሚጠጋ የጎርፍ ውሃ ወስዶ፣ 2,640 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር እስከ ደቡቡ የካቬሪ ወንዝ ማድረስን የሚያልም ነበር። ችግሩ ጋንጅስ በዝቅተኛ ሜዳ የሚፈስ ወንዝ ሲሆን በእርሱና በደቡቡ መካከል የቪንድያ ተራሮችና የደካን ከፍታ ተጋድመው መገኘታቸው ነው። በመሆኑም ከሚወሰደው ውሃ አብዛኛውን እጅ 549 ሜትር ወደ ላይ በፓምፕ መግፋት ግድ ይል ነበር። የዚህን ትርጉም ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፣ ይህን አንድ ቶን እስከዚያ ከፍታ ለማውጣት፣ የማሽኑን ብክነት ሳይጨምር፣ አንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። በሰከንድ 1,400 ሜትር ኩብ ሲወጣ የሚጠይቀው ኃይል በሺዎች በሚቆጠር ሜጋዋት የሚለካ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን የአገሪቱ ጠቅላላ የማመንጨት አቅም ከ20,000 ሜጋዋት በታች ነበር። ለ4 ሚሊዮን ሄክታር መስኖ ይህን ያህል ኃይል ማውጣት አዋጭ ሆኖ ስላልተገኘ ዕቅዱ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ። ጎርፍን ይቀንሳል የሚለው ተስፋም አልጸናም፤ ምክንያቱም ጋንጅስ በጎርፍ ወራት በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ውሃ ስለሚያወርድ ከዚያ ላይ 1,700 መቀነስ በዳር ላለው መንደር የሚታወቅ ለውጥ አያመጣም። በ1977 ደግሞ ዲንሾ ዳስቱር የሚባሉ የአውሮፕላን አብራሪ መላዋን ሕንድ እንደ አበባ ጉንጉን በሚከብቡ ቦዮች የመቀጠል ሐሳብ አቅርበው በሕዝብ ዘንድ ከፍ ያለ ጭብጨባ ቢያገኙም፣ ባለሙያዎች ሐሳቡን ወዲያው ውድቅ አደረጉት።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዕቅድ መነሻው መንግሥት በ1980 ያወጣው ብሔራዊ የውሃ ሀብት ልማት ዕቅድ ነው። ዕቅዱን እንዲያጠና በ1982 የብሔራዊ ውሃ ልማት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ኤጀንሲውም 14ቱ በሂማላያ ወንዞች፣ 16ቱ ደግሞ በደቡቡ ልሳነ ምድር ወንዞች ላይ የሚሠሩ በድምሩ 30 ማገናኛዎችን ለየ። አሠራሩ ከራኦ ዕቅድ የሚለየው አንድን ውሃ ከዳር እስከ ዳር ከመጎተት ይልቅ በመተካካት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው፤ ማሃናዲ ለጎዳቫሪ ይሰጣል፣ ጎዳቫሪ ለክሪሽና፣ ክሪሽና ለፔናር፣ ፔናርም ለካቬሪ፤ እያንዳንዱ ወንዝ ከሰሜኑ ጎረቤቱ በታችኛው ክፍሉ የተቀበለውን ያህል ከላይኛው ክፍሉ ለደቡቡ ጎረቤት ይለቃል። ጉዳዩ በፖለቲካው መድረክ ጎልቶ የወጣው በ2002 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም በነጻነት በዓል ዋዜማ ንግግራቸው አነሡት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም መንግሥት ሥራውን እንዲያፋጥን አዘዘ። በዚያን ጊዜ የተገመተው ወጪ 5.6 ትሪሊዮን ሩፒ፣ የሚጠበቀው ጥቅምም 35 ሚሊዮን ሄክታር ተጨማሪ መስኖና 34,000 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2012 ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም እንደገና አዟል፤ ዳኞች መሐንዲሶችን ቦይ ቆፍሩ ብለው የሚያዝዙበት አገር ብዙ አይገኝም።

የመተካካቱ ሰንሰለት በሙሉ የተንጠለጠለው ግን በመጀመሪያው ቀለበት፣ ማሃናዲ ትርፍ አለው በሚለው ላይ ነው። ኤጀንሲው አንድን ወንዝ ባለ ትርፍ ወይም ባለ ጉድለት ብሎ የሚፈርጀው የውሃ ሚዛን በሚባል ስሌት ሲሆን፣ በዚህም ከመቶ ዓመት በ75ቱ ሊገኝ የሚችለውን የወንዙን ፍሰት ወስዶ በተፋሰሱ ውስጥ ወደፊት ለእርሻ፣ ለመጠጥና ለኢንዱስትሪ ያስፈልጋል ተብሎ የተገመተውን ይቀንሳል፤ የቀረው ትርፍ ይባላል። በወረቀት ላይ ንጹሕ የሚመስለው ይህ ስሌት ሁለት ደካማ እግሮች አሉት። አንደኛው፣ የወደፊቱ ፍጆታ ግምት እንጂ ልኬት ስላልሆነ ግምቱን የሚሠራው አካል ዝቅ ካደረገው ትርፉ ከፍ ይላል፤ የማሃናዲ ባለቤት የሆነችው የኦዲሻ ክፍለ ግዛት ወንዜ ትርፍ የለውም፣ እንዲያውም ከላይኛው ጎረቤቴ ከቻቲስጋር ጋር የምጣላው በጉድለቱ ነው የምትለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስሌቱ ያለፈው ዘመን ዝናብ ወደፊትም እንደዚያው ይቀጥላል ብሎ የሚነሣ መሆኑ ነው፤ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ግን ባለ ትርፍ ከሚባሉት ተፋሰሶች በአንዳንዶቹ የሞንሱን ዝናብ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይተዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ትርፍ የሚባለው ውሃ የሚገኘው በጎርፉ ወራት ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት፣ ተቀባዩ በሚጠማበት ሰዓት፣ ሰጪውም ተጠምቶ የሚገኝ ወንዝ ጥቂት አይደለም።

ይህ ሁሉ ከወረቀት ወርዶ መሬት የነካው በኬን እና በቤትዋ ወንዞች ላይ ነው። ሁለቱም በመካከለኛዋ ሕንድ ከቪንድያ ኮረብቶች ተነሥተው ወደ ሰሜን እየፈሰሱ በያሙና በኩል ወደ ጋንጅስ የሚገቡ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ ኬን 427፣ ቤትዋ 590 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። በመካከላቸውና በዙሪያቸው ያለው ቡንደልካንድ የሚባለው አገር በማድያ ፕራዴሽና በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛቶች የተከፈለ፣ በድርቅና በድህነት ስሙ የሚነሣ፣ በበጋ ወራት ወጣቱ ለቀን ሥራ ወደ ዴልሂና ወደ ሌሎች ከተሞች የሚፈልስበት አካባቢ ነው። የማዕከላዊው መንግሥትና ሁለቱ ክፍለ ግዛቶች በመጋቢት 2021 ስምምነት ተፈራረሙ፤ ካቢኔውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 446 ቢሊዮን ሩፒ ያህል በጀት አጸደቀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ደግሞ በታኅሣሥ 25 ቀን 2024 በካጁራሆ የመሠረት ድንጋዩን አኖሩ። በኬን ላይ 77 ሜትር ከፍታና ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የዳውዳን ግድብ ይሠራል፤ ከዚያም 2 ኪሎ ሜትር ዋሻን ጨምሮ 221 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦይ ውሃውን ወደ ቤትዋ ያደርሳል። መንግሥት ከዚህ የሚጠብቀው በዓመት ለ1.06 ሚሊዮን ሄክታር መስኖ፣ ለ6.2 ሚሊዮን ሰው የመጠጥ ውሃ፣ 103 ሜጋዋት ከውሃና 27 ሜጋዋት ከፀሐይ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው።

የተስፋው መጠን ቀላል እንዳልሆነ መካድ አይገባም፤ በበጋ ለጥቂት እንስራ ውሃ ሴቶች ረጅም መንገድ በሚመላለሱበት አገር የቧንቧ ውሃ መድረስ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ማገናኛ ሥነ ውሃ ከሌሎቹ ይልቅ ደካማ መስሎ ይታያል። ኬን እና ቤትዋ የተለያየ ሰማይ ያላቸው ወንዞች አይደሉም፤ አንድ ዓይነት ዝናብ በአንድ ወቅት የሚወርድባቸው ጎረቤቶች ስለሆኑ ሞንሱን በቀረበት ዓመት ሁለቱም አብረው ይጎድላሉ፣ በሞላበት ዓመትም አብረው ይሞላሉ። ከዚህም ሌላ ቦዩ ከቤትዋ የሚገናኘው በጃንሲ አካባቢ፣ በወንዙ የታችኛው ክፍል ስለሆነ፣ ከኬን የመጣው ውሃ የታችኛውን ተጠቃሚ ሲያረካ በላይኛው ቤትዋ ያሉ እንደ ራይሰንና ቪዲሻ ያሉ ወረዳዎች የወንዙን ውሃ ለራሳቸው ገድበው እንዲያስቀሩ መንገድ ይከፍታል። እነዚህ ወረዳዎች ደግሞ ከቡንደልካንድ ውጭ ናቸው። በድርቅ ስም የወጣው ገንዘብ ከፊሉ ድርቅ ለማያጠቃው ገበሬ መስኖ ይሆናል የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ሲሆን፣ ካርታውን ለተመለከተ ሰው መሠረት የሌለው አይመስልም።

በሰጪው ወገን የሚጠፋው ነገርም በዓይን የሚታይ ነው። የግድቡ ሐይቅ የሚያጥለቀልቀው መሬት አብዛኛው የፓና የነብር ጥብቅ ክልል አካል ነው። ፓና በ2009 አንድም ነብር እንዳልቀረባት የተረጋገጠ ሲሆን፣ ከሌሎች ክልሎች ነብሮች እያመጡ በማላመድ ዛሬ ቁጥራቸው በአሥሮች የሚቆጠር ሆኗል፤ በዓለም የጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሰው ይህ ስኬት የተገኘበት ሸለቆ ነው በውሃ ሊዋጥ የታቀደው። ከግድቡ በታች ደግሞ ጋሪያል የሚባለው፣ አፈ ሙዙ ረጅምና ቀጭን የሆነው ዓሣ በል አዞ የሚጠበቅበት ሌላ ክልል አለ። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተሰየመው ማዕከላዊ ኮሚቴ በ2019 ባቀረበው ሪፖርት 2.3 ሚሊዮን ያህል ዛፎች እንደሚቆረጡ ገልጾ፣ ሌሎች አማራጮች በሚገባ አለመፈተሻቸውን ነቅፏል። በሐይቁ የሚዋጡት መንደሮች ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ ጎንድን የመሳሰሉ የጎሳ ማኅበረሰቦች አባላት፣ በካሳውና በሚሰፍሩበት ቦታ ላይ ቅሬታቸውን በሰልፍ ሲያሰሙ ቆይተዋል።

ቡንደልካንድ እንደ ታር በረሃ ዝናብ የነፈገው አገር አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በዓመት ከ800 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ያገኛል፤ ችግሩ መሬቱ ጠንካራ የግራናይት ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ በከርሰ ምድር ከመቀመጥ ይልቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጎርፍ መልክ ወርዶ መሄዱ ነው። ይህን ያወቁ የቻንዴላ ነገሥታት ከ9ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዘመን በነበረው ዘመናቸው በሸለቆዎች አፍ ላይ የድንጋይና የአፈር ክትር እየሠሩ ክረምቱን ለበጋ የሚያቆዩ ሐይቆችን ፈጠሩ፤ በማሆባ ከተማ የሚገኙት ኪራት ሳጋርና ማዳን ሳጋር እስከ ዛሬ ውሃ ይይዛሉ። ከእነዚህ ሐይቆች ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት በደለል ተሞልተዋል፣ ዳርቻቸውም በቤት ተወርሯል። ደለሉን ጠርጎ ክትሩን መጠገን ለመሠረት ድንጋይ ሥነ ሥርዓት የሚሆን ድምቀት የለውም፤ ነገር ግን ውሃው እዚያው የወረደበት መንደር እንዲቀር ያደርጋል፣ ነብርም ሆነ ነዋሪ ከቦታው አያፈናቅልም። ይህ ሥራ የቦዩን ያህል መሬት ያጠጣል ማለት አይደለም፤ ሆኖም የ446 ቢሊዮን ሩፒ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት በእኩል ደረጃ ተጠንቶ ሊቀርብ ይገባው ነበር።

በውሃ የሚዘራው ሰብልም ከሒሳቡ ውጭ ሊሆን አይችልም። በባቡር ውሃ የተጫነላት ላቱር የምትገኝበት የማራትዋዳ አካባቢ ከፍተኛ ውሃ ጠጪ የሆነው የሸንኮራ አገዳ የሚስፋፋበት፣ የስኳር ፋብሪካዎች የሚበዙበት ነው። በራጃስታን ደግሞ የሱትሌጅንና የቤያስን ወንዞች ውሃ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታር በረሃ የሚያደርሰው የኢንዲራ ጋንዲ ቦይ አሸዋውን ወደ ስንዴና ጥጥ ማሳ ቢለውጥም፣ ያለ ልክ በመጠጣቱ የተነሣ በአንዳንድ ወረዳዎች የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ መሬቱን አጨቀየው፤ ውሃው ሲተንም ጨውን በአፈሩ ገጽ ላይ ጥሎ ማሳውን አመከነው። ውሃ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ የደረሰውን በልክ መጠቀም ሌላ።

በሕንድ ሕገ መንግሥት ውሃ በመሠረቱ የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ስለሆነ ማገናኛ ሁሉ የሁለት መንግሥታት ስምምነት ይሻል። ስምምነቱ ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ለማየት ፑንጃብንና ሃርያናን የሚያገናኘውን የሱትሌጅ–ያሙና ቦይ መመልከት ይበቃል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በ1982 ቁፋሮውን ያስጀመሩት ይህ 214 ኪሎ ሜትር ቦይ በሃርያና በኩል አልቆ፣ በፑንጃብ በኩል ሳያልቅ ቀርቷል፤ በ1990 በሥራው ላይ የነበሩ መሐንዲሶች በታጣቂዎች ተገድለዋል፣ የፑንጃብ ምክር ቤትም በ2004 የውሃ ስምምነቶቹን የሚሰርዝ ሕግ አወጣ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ቢበይንም ውሃው አሁንም በቦዩ አይፈስም። በካቬሪ ወንዝ ላይም ካርናታካና ታሚል ናዱ ለአሥርተ ዓመታት ተሟግተዋል፤ በ2016 የፍርድ ቤት ትእዛዝ በቤንጋሉሩ ከተማ ሁከት ቀስቅሷል። ከድንበር ውጭም ነገሩ አይቀልም። ባንግላዴሽ በ1975 ሥራ የጀመረው የፋራካ ግድብ የጋንጅስን ውሃ ወደ ሁግሊ ወንዝ በማዞሩ በደቡብ ምዕራብ ግዛቷ ጨዋማ የባሕር ውሃ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ አድርጓል ስትል ቆይታለች፤ በ1996 የተፈረመው የ30 ዓመት የጋንጅስ ስምምነትም ዘመኑ በታኅሣሥ 2026 የሚያበቃ ነው። ከሂማላያ ማገናኛዎች ብዙዎቹ የሚነኩት ይህንኑ ወንዝና ብራህማፑትራን ነው።

የዕቅዱ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሡት መከራከሪያ የወንዞቹ ውሃ ያለ ጥቅም ባሕር ገብቶ ይባክናል የሚል ነው። ይህ አባባል ወንዝ ከውሃ ጋር ደለል እንደሚያወርድ፣ ያ ደለል ባይኖር በወንዞች አፍ ላይ ያሉትን ለም ደልታዎች ባሕሩ እየበላ እንደሚሄድ ይዘነጋል። ከዚህም የጠለቀ ነገር በ2023 ታይቷል። በሙምባይ የሕንድ ቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኙት ሱቢማል ጎሽ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በኔቸር ኮሙኒኬሽንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት የታቀዱት ማገናኛዎች በሙሉ ቢሠሩ በዝናቡ ላይ ምን እንደሚያስከትሉ መረመሩ። ሰፊ ደረቅ መሬት በመስኖ ሲረጥብ የአፈሩ እርጥበት ይጨምራል፣ ትነቱ ይበዛል፣ የመሬቱ ሙቀት ይቀንሳል፤ ይህም ነፋሱንና የደመናውን አካሄድ ስለሚለውጥ፣ በስሌታቸው መሠረት፣ ቀድሞም ውሃ በሚያንሳቸው የኦዲሻ፣ የአንድራ ፕራዴሽ፣ የራጃስታንና የጉጃራት ክፍሎች የመስከረም ዝናብ እስከ 12 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ጥናቱ በኮምፒዩተር ሞዴል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ነገር ግን አየሩና ምድሩ አንድ የተያያዘ ሥርዓት መሆናቸውን፣ ባለ ትርፍና ባለ ጉድለት ተብለው የተለዩት ተፋሰሶችም በሰማይ በኩል ድሮውኑ የተገናኙ መሆናቸውን ያስታውሳል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሰጣል። የቻይና የደቡብ–ሰሜን ማዛወሪያ ማዕከላዊ መስመር ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የዳንጂያንግኮውን ሐይቅ ውሃ፣ ቢጫ ወንዝን ከወለሉ በታች በዋሻ እያቋረጠ፣ ያለ ዋና ፓምፕ በቁልቁለት ብቻ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ አድርሶ የቤይጂንግ ዋነኛ የውሃ ምንጭ ሆኗል፤ ለዚህም ከ330,000 በላይ ሰዎች ከመኖሪያቸው ተነሥተዋል። በስፔን ግን ከታጉስ ወንዝ ወደ ደረቁ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደውና በ1979 ሥራ የጀመረው ቦይ በመጀመሪያ ምዕራፉ በዓመት 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ቢታሰብም፣ በአማካይ ሲያደርስ የቆየው ከዚያ ግማሽ ብዙም ያልበለጠ ነው፤ የታጉስ ራስጌ ዝናብ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲቀንስ፣ በሙርሲያና በአሊካንቴ ደግሞ ውሃው ይመጣል ተብሎ የተተከለው አትክልትና ፍራፍሬ እየሰፋ ሄዷል። በኢትዮጵያም ከ2010 ጀምሮ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያዛውራል። በለስ ወደ ሱዳን ድንበር ሲቃረብ ተመልሶ ከዓባይ ስለሚቀላቀል ውሃው ከተፋሰሱ አይወጣም፤ በመካከሉ ያለው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግን በበጋ ወራት የቀድሞ ግርማው ርቆታል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር የሕንድን ዕቅድ ልዩ የሚያደርገው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን መረጃው በሕዝብ ፊት ያለመገኘቱ ነው። የስፔን ሐይቆች በየሳምንቱ ስንት ውሃ እንደያዙ ማንም ዜጋ ሊያነብ ይችላል። ኬን እና ቤትዋ የሚገኙበት የጋንጅስ ተፋሰስ ድንበር ተሻጋሪ ስለሆነ ግን የወንዞቹ የፍሰት መዝገብ በሕንድ መንግሥት መመሪያ እንደ ምስጢር ይያዛል፤ ኬን ትርፍ አለው ያለው ኤጀንሲ ትርፉን ያሰላበትን ቁጥር ገለልተኛ ባለሙያ አግኝቶ ሊፈትሸው አልቻለም። ከባንግላዴሽ ጋር በሚደረግ ድርድር ምስጢር መጠበቅ ምክንያት ሊኖረው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የገዛ አገሩን ገበሬ ከመንደሩ የሚያስነሣ ስሌት ከዚያው ገበሬ ሊሰወር አይገባም። የሁለተኛው ማገናኛ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው መዝገብ መገለጥ አለበት።